ለድባቴ ቫይታሚን ይሠራል? ከአክስቴ ፌስታል ልጀምር

ባለፈው ሁዳዴ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ነበርኩ። እሷ ቡና ማፍላት ከተወች ቆይታለች፤ ያን ቀን ያፈላችልን የጎረቤት ልጅ ናት። አቦሉ እንደተጠጣ አክስቴ ከራስጌዋ ጥቁር ፌስታል አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «እስቲ አንብብልኝ ዓለሜ» አለችኝ። ውስጡ ሦስት ጠርሙስ አለ። አንዱ መልቲቫይታሚን፣ አንዱ ቫይታሚን ዲ፣ አንዱ ደግሞ ባቄላ የሚያካክሉ ወርቃማ እንክብሎች የሞሉበት የዓሣ ዘይት ነው፤ ኦሜጋ ሦስት የሚባለው። የላከችላት ልጇ ናት፣ ከዱባይ፣ በሰው። «እማ ድባቴ ነው የያዘሽ፤ ይሄን ውሰጂ ይለቅሻል» ብላታለች በስልክ።

አክስቴ ይሠራል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። «ጾም ያስገድፋል ወይ?» ነው ያለችኝ።

ሁለቱንም መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስከታተለው ቆየሁ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ፌስታል በየቤቱ እየበዛ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳርም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም ፋርማሲ ብትገቡ የሰፕልመንት፣ ማለትም የቫይታሚንና የመሰል ማሟያዎች፣ መደርደሪያ አታጡም። በስልክ ደግሞ «ደስታ የሚሰጥ ቫይታሚን» የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አትውሉም። ሕዝቡም ከብዶታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ስንቱን ከቤቱ አፈናቅሏል፣ ስንቱን ሐዘን አስቀምጧል። መንገድ ሲዘጋ ሐኪም ቤት ይርቃል። ጠርሙስ ግን በሰው ይላካል።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ ትንሽ ልበል። ባሏ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትነቃለች፤ እስኪነጋ ዓይኗ አይከደንም። እህል አይጥማትም። ጎረቤት ቡና ሲጠራት «አሞኛል በሏቸው» ትላለች። «ከፍቶኛል» ስትል ግን ሰምቻት አላውቅም። የምትለው «ሰውነቴ ከበደኝ፣ ጨጓራዬ ተነሳብኝ፣ ሰው ጠላሁ» ነው። በእኛ አገር ድባቴ የሚባለው ቃል የሬዲዮና የስልክ ቃል ነው። ሕመሙ በሰው አፍ የሚጠራው በራስ ምታት፣ በሆድ መንፋት፣ በድካም ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ለጨጓራ ይታከማል፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። አክስቴም ኦሜፕራዞል ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 332 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በድባቴ እንደሚሠቃዩ ይናገራል። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ከአራቱ ሦስቱ ሕክምና አያገኙም። ስለዚህ ልጅቷ ጠርሙስ መላኳ አያስወቅሳትም። እናቷን ለመርዳት እጇ ላይ የነበረው እሱ ነው። ጥያቄው ጠርሙሱ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

ከቫይታሚን ዲ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ 18,353 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ ቫይታሚን ዲ፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ወሰዱ። አምስት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ልዩነት አልተገኘም፤ ቫይታሚኑ ድባቴ እንዳይመጣ አልከለከለም። በዚያው ጥናት የዓሣ ዘይቱም ተፈትኖ ነበር። እሱም አልከለከለም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ክብደታቸው ከፍ ያለና ለድባቴ ቀረብ ያሉ 1,025 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ ኦሜጋ ሦስት፣ ሴሌኒየም፣ ፎሊክ አሲድ፣ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም አንድ ላይ ለአንድ ዓመት ወሰዱ፣ ግማሹ ባዶ ክኒን። ባዶ ክኒን ከወሰዱት አልተሻሉም። በአጭሩ፣ ምንም ያልጎደለው ሰው «እንዳይዘኝ» ብሎ ቢውጥ ገንዘቡን ነው የሚውጠው።

የዓሣ ዘይቱ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ድባቴ ቀድሞ ለያዘው ሰው፣ ከዋናው መድኃኒት ጋር ተጨምሮ ሲወሰድ፣ ጥቂት ሊያግዝ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ዘይቱ ውስጥ ሁለት ዋና የኦሜጋ ሦስት ዓይነቶች አሉ፦ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ። ለድባቴ ተስፋ የታየበት ኢፒኤው ነው። መጠኑም በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ነው።

የአክስቴን ጠርሙስ ገልብጬ በጀርባው ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ አነበብኩ። ፊት ለፊቱ በትልቁ 1,000 ሚሊግራም ይላል። ያ የዘይቱ ጠቅላላ ክብደት ነው። ከኋላ ሲታይ ኢፒኤው 180 ሚሊግራም ብቻ ነው፣ ዲኤችኤው 120። ገበያ ላይ ያለው ተራ የዓሣ ዘይት አብዛኛው እንዲህ ነው። እንግዲህ አስሉት። 1 ግራም ኢፒኤ ለማግኘት በቀን ስድስት እንክብል መዋጥ አለባት። ጠርሙሱ 60 ፍሬ ይይዛል፤ አሥር ቀን ይበቃታል ማለት ነው። እሷ የምትወስደው በቀን አንድ ነው። ሁለት ወር ወሰደች፣ የደረሳት ግን ጥናቶቹ ከሞከሩት ስድስት እጥፍ ያነሰ ነው። ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ጀርባውን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

«ታዲያ ተልባ አለን አይደል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ጎጃም ተልባ ሞልቶታል፤ በጾም ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ተልባ በእርግጥም በኦሜጋ ሦስት የበለጸገ ነው። ግን ዓይነቱ ሌላ ነው። የተልባውን ሰውነታችን ወደ ኢፒኤ መለወጥ አለበት፤ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም የሚለውጠው። ለሆድ ድርቀትና ለልብ ጥሩ ነው፣ ጠጡት። ለድባቴ ግን የዓሣ ዘይቱን አይተካም። የኑግ ዘይታችን ደግሞ በብዛት የያዘው ኦሜጋ ስድስትን ነው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። የጣና ዓሣስ? ቆሮሶም አምባዛም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ሆኖም የሐይቅ ዓሣ በኦሜጋ ሦስት እንደ ሰርዲንና ሳልመን ያሉትን የባሕር ዓሦች አይደርስባቸውም።

የጾሙ ጥያቄስ? ወርቃማው እንክብል የሚሠራበት ለስላሳ ሽፋን ጄላቲን ይባላል። ጄላቲን በአብዛኛው የሚወጣው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ የየትኛው እንደሆነ አይጻፍም። አክስቴ መጠየቋ ትክክል ነበር። ከባሕር አልጌ የሚሠራ፣ ሽፋኑም ከዕፅዋት የሆነ ኦሜጋ ሦስት አለ፤ ኢፒኤም ዲኤችኤም ይኖረዋል፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ምን ትፈቅዳለች የሚለውን የንስሐ አባት ይመልሰው። እኔ የምለው፣ እናቱ ክኒኑን ለምን ትራስ ስር እንደምትደብቅ ያልገባው ልጅ መጀመሪያ ይህን ይጠይቃት።

አሁን ቫይታሚን በእውነት ወደሚሠራበት ቦታ ልምጣ። የሚሠራው ጉድለት ሲኖር ነው። ጉድለቱ ደግሞ ድባቴን ሊመስል፣ አንዳንዴም ሊያመጣ ይችላል።

ዋናው ቢ12 ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ብቻ ነው፦ ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ። ሰውነት ለጥቂት ዓመት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ጾም ብቻውን ጤነኛ ሰውን ቶሎ አይጎዳም። ችግሩ ነገሮች ሲደራረቡ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጾም፣ በፍስክም ሥጋና ወተት የማያገኝ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚውጥ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ምክንያቱም ቢ12ን ከምግብ ለመለየት የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን በጣም ይቀንሰዋል። ሲያንስ ድካም ይመጣል፣ መርሳት ይመጣል፣ እግርና እጅ ይደነዝዛል፣ መንፈስም ይወድቃል።

አክስቴን ከእነዚህ ብዙዎቹ ተደራርበውባታል። እግሯ እንደሚደነዝዛት የነገረችን ተጠይቃ ነው። ደሟ ሲታይ አንሷል፣ ቀይ የደም ሕዋሷም ከልክ በላይ ተልቋል፤ ይህ የቢ12 ወይም የፎሌት (በክኒን ሲሆን ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን) እጥረት ምልክት ነው። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ቢ12ዋ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያን ጊዜ የታዘዘላት መርፌ ነበር፣ 1,000 ማይክሮግራም። ቀይ ፈሳሽ ነው፤ «የደም መርፌ» ብላ ጠራችው። ልጇ የላከችው መልቲቫይታሚን ውስጥ የነበረው ቢ12 ጥቂት ማይክሮግራም ነው። ለሦስት ወር ስትወስደው የነበረው ክኒን የያዘው የሚያስፈልጋትን ነገር ነበር፣ መጠኑ ግን ለእሷ ምንም ነው። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢሰጣት ደግሞ ይብስ ነበር። የደም ማነሱን ያሻሽልና ነርቯ መጎዳቱን ይሸፍነዋል። ሳይመረመሩ መጀመር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ብረትም አለ። ጤፍ ብረት ሞልቶታል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ከፊሉ ከአውድማ አፈር የሚመጣ ነው፣ ያለውም በደንብ አይዋሃድም። ከምግብ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ይቀንሰዋል። ቡናውን አንድ ሰዓት ማዘግየት ይበቃል። የወር አበባዋ የበዛ ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ድካምና መከፋት ሲይዛት ደሟ ይታይላት። በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን የብረት ማነስ ከሆድ ውስጥ የሚፈስ ደም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ክኒን ገዝቶ ዝም ማለት አያዋጣም። የብረት ክኒን ሕፃን እጅ ከገባ እንደሚገድልም አትርሱ።

አዮዲንንም አልዘለውም፤ የጎጃም ደጋ እንቅርትን ያውቀዋል። አዮዲን አንሶ የአንገት ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ሰው ይቀዘቅዛል፣ ይፈዛል፣ ይወፍራል፣ ብርድ አይችልም፣ ይከፋዋል። ያየው ሁሉ ድባቴ ነው ይለዋል። ለዚህ መልሱ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። ለመከላከል ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው ይበቃል፤ በአገራችን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጨዉን ክፍት አታስቀምጡት፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለድባቴ የሚወሰድ ቢጫ አበባ ያለው ዕፅ አለ፤ የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ ይሉታል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ሃይፐሪከም ፐርፎራተም ነው። ይሄኛው ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ግምገማ 29 ጥናቶችንና 5,489 ታማሚዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ ከባዶ ክኒን እንደሚሻል፣ ከተለመዱት መድኃኒቶችም እንደማያንስ ደምድሟል። ይሠራል። የሚያስፈራውም ስለሚሠራ ነው። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። የወሊድ መከላከያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል። የኤችአይቪ መድኃኒትን ከደም ውስጥ ያወርዳል፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪንን ያዳክማል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ካሉ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ከተደረበ ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ሰውዬው አንዴ ከልክ በላይ የሚነቃቃ፣ እንቅልፍ የማይፈልግ፣ ገንዘብ የሚበትን፣ ከዚያ ደግሞ የሚወድቅ ከሆነ ሕመሙ ሌላ ነው፤ ይህ ዕፅ ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ይህን የማነሳው የጮቄ ተራራ ስላለን ነው። ወደ ጮቄ የወጣ ሰው አስታ ከሚባለው ዛፍ መካከል፣ ጅብራ የሚባለው ተክል ከመጀመሩ በፊት፣ ቢጫ አበባ የሚያብብ ቁጥቋጦ ያያል። አሜጃ ይባላል። የዚያ የአውሮፓው ዕፅ ዘመድ ነው፣ አንድ ወገን ናቸው። ዘመድ ስለሆነ ያው ነው ማለት ግን አይደለም። ለድባቴ በሰው ላይ አልተፈተነም፤ መጠኑም ጉዳቱም አልተለካም። ነገ አንዱ ነጋዴ «የጮቄ የድባቴ መድኃኒት» ብሎ ቢያሽገው አልገረምም። እባካችሁ እንዳትገዙ። ሳፍሮን የሚባለው ቅመምም እንደዚያው። በትንንሽ ጥናቶች ተስፋ ታይቶበታል፣ በቀን 30 ሚሊግራም ገደማ ነው የተሞከረው። ግን እውነተኛው ሳፍሮን እጅግ ውድ ስለሆነ የሱፍ (ሳፍላወር) አበባ በስሙ ይሸጣል።

«ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ከልቤ እጠላዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ለእንቅልፍና ለመንፈስ መውደቅ ይወሰድ የነበረ ትሪፕቶፋን የሚባል ሰፕልመንት ከ1,500 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ቢያንስ 37 ገድሏል። ነገሩ የተያያዘው ከአንድ ፋብሪካ ከወጣ የተበከለ ምርት ጋር ነው። ከዚያ በኋላም እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ሰፕልመንት ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራ ማረጋገጫ አይጠይቅም። «የአሜሪካ ነው» የሚባለው ዕቃ ከዚህ በላይ ዋስትና የለውም።

«እኔ ግን ወስጄው ተሽሎኛል» የሚለውን ሰው ውሸታም አልለውም። በጥናቶች ላይ ባዶ ክኒን ከሚወስዱት ከሦስቱ አንዱ ያህል ይሻለዋል። ድባቴም ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ የሚቀልበት ጊዜ አለው። ልጅ ከዱባይ ላከችልኝ ማለትም ራሱ ለልብ ምግብ ነው። አክስቴ ጠርሙሱን ስታሳየኝ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ግን ያ የሰው ፍቅር ሥራ ነው፣ የዘይቱ አይደለም። ፍቅሩ በስልክም ይደርሳል።

አክስቴ መርፌውን ጨርሳ እግሯ መደንዘዙ ቀነሰ፣ ጉልበትም አገኘች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መንቃቷ ግን አልቀረም። ያን ጊዜ ነው ሆስፒታል ያለችው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ዘንድ የሄደችው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ፣ የሚወዱትን መተው፤ እነዚህ አብዛኛውን ቀን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ መታየት አለባቸው። መድኃኒት ጀመረች። እነዚህ መድኃኒቶች ዛሬ ተውጠው ነገ አይሠሩም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃሉ፣ ከተሻለ በኋላም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ ጥሎ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ሰፕልመንት ከሚያደርሰው ጉዳት ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ የሕክምናውን ቦታ ይይዛል። ጠበሏንም አልተወችም። ማንም ተይ አላላትም፣ ማለትም አያስፈልግም። መድኃኒቱን ውጣ ጠበሏን ትጠመቃለች።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ሰውዬው «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ወይም ንብረቱን ማከፋፈል፣ መሰናበት ካመጣ፣ ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይድረስ። ብቻውን አትተዉት። በቤት ያለውን ፀረ ተባይ ከቤት አውጡት ወይም ቆልፉበት።

ለሕክምና ስትሄዱ ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከውጭ የተላከውን፣ ከፋርማሲ የተገዛውን፣ ከገበያ የመጣውን ሥር ጭምር። የአክስቴ ፌስታል ስድስት ነገር ነበረው። ነርሷ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው፦ ሦስቱ ጠርሙሶች፣ ኦሜፕራዞሉ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሥር። ቋጠሮውን ፈታ አሸተተችው። «እማማ፣ የዓሣ ዘይቱን ከፈለጉ ይጨርሱት» አለቻት። «ይሄን ግን ምን እንደሆነ እስክናውቅ እኔ ጋ ይቆይ።»